ለቅሶ ላይ ማይክ ይዘን እንውጣ ወይ?

የምክር ዓምድ

«ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፤ የሰፈራችን ወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ከእኛ ርቆ ብዙ ሰው ያለቀበት ያ አደጋ ደርሶ፣ ብሔራዊ የሐዘን ቀኑ ካበቃ ከጥቂት ቀን በኋላ ለተጎጂዎች መርጃ ተብሎ በቴሌቪዥን የተላለፈውን ኮንሰርት በእድራችን አዳራሽ ተሰብስበን አየነው። ግማሹ ሰው አለቀሰ፣ ግማሹ ከዘፋኙ ጋር አብሮ ዘፈነ፣ ወደ መጨረሻው ላይማ ልጆቹ ተነስተው ጨፈሩ። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። የእድሩ ዳኛ ‹የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል› ብለውን ሄዱ። ልጆቹ ደግሞ ‹አቦ ገንዘቡ ከገባ ምን አነሰ?› ይላሉ። ይባስ ብለው እኛም በድሬ እንዲሁ እናዘጋጅ፣ ቴሌቪዥንም መጥቶ ይቀርጸዋል ብለው እኔን አስተባባሪ አደረጉኝ። እናቴ ‹እዚህ ነገር ውስጥ ከገባሽ አትጥሪኝ› ብላኛለች። ዳኛው እድሩ እጁን አያስገባም ብለዋል። ማን ነው ልክ? ካዘጋጀንስ ሳንዋረድ እንዴት እንወጣዋለን?»
ግራ የገባት፣ ከሳቢያን

እህታችን፣ ማን ልክ እንደሆነ ከመፍረዳችን በፊት አንድ ነገር ለይተሽ እንድታዪ እንፈልጋለን። ‹ኮንሰርቱ አላማረኝም› የሚል ሰው ሦስት የተለያየ ነገር ሊል ይችላል። አንዱ የሚለው ስለ ጊዜው ነው፤ አስከሬን እየተፈለገ ማን ይዘፍናል ነው ነገሩ። ሁለተኛው ስለ ሁኔታው ነው፤ መብራቱ፣ አለባበሱ፣ ‹እጃችሁን ወደ ላይ!› የሚለው የመድረክ መሪ፣ በየመሃሉ የሚገባው የቢራና የሳሙና ማስታወቂያ። ሦስተኛው ስለ ገንዘቡ ነው፤ ማን ቆጠረው፣ ማን ጋ ደረሰ። ለእነዚህ ለሦስቱ አንድ መልስ ማዘጋጀት ነው ወጣቶቻችሁን ከሽማግሌዎቹ ያጋጨው። ‹ገንዘቡ ከገባ ምን አነሰ› የሚለው መልስ ለሦስተኛው እንጂ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች መልስ አይሆንም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ዳኛውን ቤታቸው ሄደሽ ብቻቸውን ማነጋገር ነው። በስብሰባ ላይ ‹አይሆንም› ያሉ ሽማግሌ በስብሰባ ላይ ‹ይሁን› አይሉም፤ ልጆቹን ይዘሽ አትሂጂ። ፈቃድ ለመጠየቅም አትቸኩዪ። ‹ከሦስቱ የቱ ነው የከፋዎት?› ብለሽ ጠይቂና ስሚ። ምሳሌያዊ አነጋገራቸውን ካስተዋልሽው በአደጋ ስለሚጠቀም ሰው ነው የሚያወራው። ግምታችን የእርሳቸው ጥያቄ ስለ ዘፈን ሳይሆን ስለ ገንዘብና ስለ ዝና ነው የሚል ነው። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ለመመለስ ከሦስቱ ቀላሉ እርሱ ነው።

የእናትሽ ነገር ግን ሌላ ይመስለናል፤ ለእርሷ የሚሆነውን ለማግኘት ለቅሶ ቤት እንግባ።

በእኛ አገር ሐዘንና ዜማ ተጣልተው አያውቁም። ሙሾ አውራጇ በዜማ ነው የምታስለቅሰው። ድንኳን ውስጥ በሦስተኛው ምሽት ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ሟቹን እያነሳ ያስቃል፣ ማንም አይቀየምም። የማይቀየመው ሥርዓት ስላለው ነው፤ ሰው መጀመሪያ ገብቶ ያለቅሳል፣ ቤተሰቡን ‹እግዜር ያጥናችሁ› ይላል፣ ወይም እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፣ ይቀመጣል፣ ጨዋታ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የሚስቀው ሰው ሲያለቅስ ታይቷል። ቴሌቪዥን ይህን ቅደም ተከተል ያፈርሰዋል። ፕሮግራሙ በጸሎት ተጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የከፈተው ሰው ግን የሚያየው ጭፈራውን ብቻ ነው። ጸሎቱን ያላየ ሰው ጭፈራውን ሲያይ ቢከፋው አይፈረድበትም። በማግስቱ በቲክቶክ የሚዞረውም ዐሥር ሰከንድ የሚሆን ጭፈራ እንጂ የሕሊና ጸሎቱ አይደለም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 አሜሪካ ላይ ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ሁለት ትልልቅ የእርዳታ ዝግጅቶች በቴሌቪዥን ተላልፈዋል። የመጀመሪያው በዐሥረኛው ቀን፣ መስከረም 21 ነበር። ሁለት ሰዓት የፈጀ ሲሆን የሚያጨበጭብ ተመልካች አልነበረም፣ ማስታወቂያ አልነበረም፣ ዘፋኞቹ እንኳ በስም አልተዋወቁም፤ በሻማ መሃል ቆመው ዘፍነው ይወርዱ ነበር፣ ስልክ የሚያነሱት ታዋቂ ተዋንያን ነበሩ። ሁለተኛው ጥቅምት 20 ቀን ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ የተካሄደው ነው። አዳራሹን የሞሉት ጓደኞቻቸውን የቀበሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ፖሊሶች ናቸው። እዚያ ጩኸትም፣ ቀልድም፣ የሮክ ሙዚቃም ነበር፤ ሐዘንተኞቹ ራሳቸው አብረው ጮኹ። የተጮኸባቸው ሌሎች ናቸው፤ ስለ ሰላምና ስለ ይቅርታ ሊመክራቸው የሞከረው ተዋናይ ሪቻርድ ጊርና በወቅቱ ሴናተር የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን።

ከዚህ ሁለት ነገር ውሰጂ። አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደረግ ዝግጅት ጸጥ ያለ ይሁን፤ ድምቀቱ ቆይቶ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ሐዘንተኛው ራሱ አዳራሹ ውስጥ ካለ የሚፈልገውን ያውቃል፣ የማይፈልገው ንግግር ነው። የእናንተ ዝግጅት ግን ድሬ ላይ ነው፣ ሐዘንተኞቹ ሩቅ ናቸው። በሌሉበት ስለ እነርሱ የምትጨፍሩት እናንተ ትሆናላችሁና የመጀመሪያው መልክ ነው የሚስማማችሁ።

ሐዘንተኛን ሳይጠይቁ መዝፈን ምን እንደሚያተርፍ ከኢትዮጵያውያን የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ1977 ዓ.ም. ስለ ረሃባችን ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ሲዘፈን ብዙ ገንዘብ ተሰብስቧል፣ ነፍስም ተርፏል፤ ግን የተዘፈነልን እንጂ የተጠየቅን አልነበርንም፣ ምስላችንም ለዓመታት ያው የአጥንትና የዝንብ ምስል ሆኖ ቀረ። እናንተ ይህን አትድገሙት። በአደጋው ቦታ ካለ እድር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሁለት ሦስት ሰው በስልክ አግኙና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ እንዲህ ያለ ነገር ብናደርግ ቅር ይላችኋል? የሟቾች ስም ይነበብ ወይስ አይነበብ? አሁን የሚቸግራችሁ ገንዘብ ነው፣ ቆርቆሮ ነው፣ ብርድ ልብስ ነው? ‹ይቅርብን› ካሉ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። ‹አድርጉ› ካሉ ይህንኑ ለዳኛውም ለእናትሽም ትነግሪያለሽ፤ ከአንቺ ክርክር ይልቅ ይህ ይሰማል።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። በኦርቶዶክሱ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ አርባ አለ፤ በእስልምናው ሐዘን የሚደረሰው ሦስት ቀን ነው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ አራት ወር ከዐሥር ቀን ትቆያለች። የሁሉንም መጠበቅ አይቻልም፣ ችግረኛውም አይጠብቅም። መፍትሔው ገንዘቡንና መድረኩን መለያየት ነው። ገንዘብ ዛሬውኑ መሰብሰብ ጀምሩ፣ ያለ ምንም ዘፈን። መድረኩን ከአርባው በኋላ አድርጉት። የሚያስቸኩለው እርዳታው እንጂ ዘፈኑ አይደለም፤ ይህን ብቻ ብታደርጉ የጊዜው ቅሬታ በአብዛኛው ይወድቃል። ከጾምና ከረመዳን ጋር እንዳይጋጭም የቀን መቁጠሪያውን እዩ፤ በተለይ ፍልሰታ ነሐሴ 1 እንደሚገባ የሚረሳ ኮሚቴ አይጠፋም።

ሰዓቱ ለድሬ ወሳኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም አለ፣ የጫት መቃሚያው በርጫም አለ፤ ከበርጫ ተነስቶ የሚመጣላችሁ ሰው የለም። ወደ ማታ ስትጀምሩ ደግሞ የመግሪብና የዒሻ ሶላት መሃል ላይ ይገቡባችኋል፣ አዛን እየተባለ ማይክ መልቀቅም መዝጋትም ሁለቱም ያሳፍራል። ስለዚህ ዒሻ ካበቃ በኋላ ጀምሩ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ እስከ 4 ሰዓት ከሩብ በቂ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሄድ የሐዘን ዝግጅት መጨረሻው ጭፈራ ነው፣ ተመልካቹ ስለሚሰለችና የመድረክ መሪው ሊያነቃቃው ስለሚሞክር። ቀኑ ቅዳሜ ባይሆን ይመረጣል፤ ቅዳሜ ማታ በሳጥን የተሰበሰበ ገንዘብ ባንክ የሚገባው ሰኞ ነው፣ እሑድን የት ያድራል? ረቡዕ ወይም ሐሙስ ማታ ካደረጋችሁት ጠዋት ላይ ባንክ ትገባላችሁ።

የዝግጅቱን ቅደም ተከተል በወረቀት ጻፉትና ለዘፋኞቹ ቀድማችሁ ስጡ። እንዲህ ቢሆን እንላለን። መጀመሪያ የሃይማኖት አባቶች፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ፤ ‹አጭር› ካላችኋቸው ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይሆናልና ቁጥሩን ንገሯቸው። አንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት፤ በሰዓት የሚቆጥር ሰው መድቡ፣ አለዚያ በሃያ ሰከንድ ያቋርጡታል። ከዚያ ወዲያ ያለ ከበሮ የሚሆን ነገር፤ በመሰንቆ ወይም በዋሽንት ብቻ የሚወርድ ትዝታ ወይም አምባሰል፣ ቀጥሎ መንዙማ። ድሬ የብዙ ቋንቋ አገር ናትና በአማርኛ ብቻ አትዝፈኑባት፤ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ ሐረሪው ይግባ። ለእያንዳንዱ ድምፃዊ ሁለት ዘፈን ብቻ። የትኛውን እንደሚዘፍን ቀድሞ ያሳውቅ፤ ‹አዲሱን ነጠላ ዜማዬን ላስተዋውቅ› የሚል ድምፃዊ በየኮንሰርቱ አለ፣ የሰውን ቅሬታ ከሚያባብሱት ነገሮችም ዋናው ይህ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ደግሞ ወደ ሐዘኑ ተመለሱ፤ የቦታው ስም ይጠራ፣ ዜማ ይቁም፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገር። ዘግይቶ የከፈተው ሰው የት እንደገባ የሚያውቀው በዚህ ነው። በስክሪኑ ታችም የዝግጅቱ ዓላማና የሒሳብ ቁጥሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይጠፉ ይታዩ።

ጭብጨባን ‹አታጨብጭቡ› ብላችሁ አትከለክሉትም፣ ሰው እጁ ይቀድመዋል። የሚከለከለው በአሠራር ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ መብራቱ ወዲያው ይደብዝዝ፣ መሣሪያ ተጫዋቹ የመጨረሻውን ድምፅ ይዞ ይቆይ፣ ቀጣዩ ሰው ሳይጠራ ይግባ። የመድረክ መሪ ጭራሹኑ ባይኖር ደስ ይለናል፤ ግድ ከሆነ የሬዲዮ ዜና የሚያነብ ሰው ፈልጉ እንጂ የሠርግ መድረክ መሪ አታምጡ። ንግግር የሚያደርግ ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት እንደማይኖር ከፊቱ ወስኑ። ‹አንድ ደቂቃ ብቻ› ለሚላችሁ ስፖንሰር መልሱ ‹አይቻልም› ነው፤ አርማውን በሩ ላይ ባለው ባነር ላይ ያሳርፍ፣ መድረክ ላይ ግን አይውጣ። አለባበሱን ጥቁር ወይም ነጭ አድርጉት፤ ድምፃውያቱ ነጠላ ዘቅዝቀው ቢወጡ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ካሜራውን በተመለከተ ከካሜራ ባለሙያው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ይህን የሚያደርግ ኮሚቴ ጥቂት ነው፣ አለማድረጉ የሚያመጣው ጉዳት ግን ከሁሉ የከፋ ነው። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ተመልካቹ አይቀረጽ። ሳቅ የትም አለ፣ ሁለት ልጃገረዶች በሹክሹክታ ሲሳሳቁ የተቀረጸ ምስል ያንን ሁሉ ሥራ ያበላሻል። የምታለቅስ እናት ፊት በቅርበት አይወሰድ፤ ፈቃድ ጠይቃችሁ እንኳ ቢሆን በዚያ ሰዓት የሰጠችው ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። አስከሬን፣ የቆሰለ ሕፃን፣ የሚቆፈር አፈር በስክሪን አታሳዩ። በድሬ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አላችሁ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የተረፉት ዛሬም በመካከላችሁ ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት እናቶች የትኛዋ ያን ሌሊት ልጅ ፍለጋ አሸዋ ስትቆፍር እንዳደረች አታውቁም። የእናትሽንም ነገር እዚህ ላይ ፈትሺው፤ በዚያ ዓመት ማንን እንዳጣች፣ የማንን ለቅሶ እንደተቀመጠች ጠይቂያት። ነጠላዋን ሰብስባ የወጣችው ልጆቹን ንቃ ላይሆን ይችላል።

ገንዘቡ ላይ ግን እንቆይ፤ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

መጀመሪያ መቁጠር ነው፤ ያዋጣል ወይ? ለስሌት ያህል 1,200 ትኬት በ150 ብር ሸጣችሁ እንበል፤ 180,000 ብር ነው። መድረክና ድምፅ 60,000፣ ጄኔሬተርና ነዳጅ 18,000፣ ‹በነፃ› እዘፍናለሁ ያለው የአዲስ አበባ ድምፃዊ ከነባንዱ የስድስት ሰው ጉዞ፣ አልጋና ምግብ 54,000፣ ጥበቃ፣ ባነርና ውሃ 20,000 ቢሆን ወጪው 152,000 ደረሰ። ለተጎጂው የቀረው 28,000 ብር ነው። 300 አባወራ ያለው እድር በቤት 100 ብር ቢያዋጣ ያለ አንድ ማይክ 30,000 ብር ይሆናል። ይህን ስሌት ለልጆቹ በነጭ ሰሌዳ ላይ ጻፊላቸው። እርግጥ ዋጋው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ስሌቱ ግን ይህ ነው። ወጪውን ከትኬቱ ላይ የምትከፍሉ ከሆነ ባታዘጋጁት ይሻላል። ወጪው በሙሉ በቁሳቁስ ይሸፈን፤ ድምፅ ያለው ድምፅ ይስጥ፣ ሆቴል ያለው አልጋ ይስጥ፣ ድምፃዊውም ከድሬና ከሐረር ይሁን። ለሲቪል ማኅበራት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ ገድቦታል፤ የእናንተ ኮሚቴ ድርጅት ባይሆንም፣ ግድ ሆኖ ወጪ ቢወጣ እንኳ ከዚህ ያለፈ አይታሰብ።

‹በነፃ› የሚለውን ቃል ሳታብራሩ አትለፉ። ስንት ሰው ይዞ ይመጣል? በምን ይመጣል? ስንት ሌሊት ያድራል? መልሱ በወረቀት ይሁን፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ሁለተኛ ሒሳቡ። ፈቃዱና የባንክ ሒሳቡ ከዝግጅቱ በፊት ይጠናቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1971 ጆርጅ ሃሪሰንና ራቪ ሻንካር ለባንግላዴሽ ስደተኞች ኒው ዮርክ ላይ ያዘጋጁት ኮንሰርት የዚህ ዓይነት ዝግጅቶች ሁሉ አባት ነው፤ የትኬቱ ገንዘብ ለዩኒሴፍ ደረሰ፣ የአልበሙና የፊልሙ ገቢ ግን ዝግጅቱ አስቀድሞ በበጎ አድራጎት ስም ባለመያዙ ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ጋር ሲያነታርክ ለዓመታት ታግዶ ቆየ። ያኔ ስደተኛው ሌላ ችግር ላይ ነበር። እናንተም ከአስተዳደሩ ዘንድ ሄዳችሁ ለሕዝባዊ ዝግጅትና ለገንዘብ ማሰባሰብ ምን ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፣ የፖሊሱንም አብራችሁ ጨርሱ፤ ፖስተር የሚለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው።

የባንክ ሒሳቡ አዲስ ይሁን፣ በማንም ግለሰብ ስም አይሁን። ሦስት ፈራሚ ይኑረው፣ ቢያንስ ሁለቱ ሳይፈርሙ እንዳይወጣ፤ ከሦስቱ አንዱ ከእድሩ ይሁን እንጂ ሦስቱም ከወጣቶቹ አይሁኑ። የማንም የግል ቴሌብር ቁጥር ለአንድ ቀንም ቢሆን አይለጠፍ። ‹ለጊዜው በእኔ ይግባ› ከሚል ደግ ሰው ነው ብዙ ጣጣ የሚመጣው፤ የራሱ ገንዘብና የሕዝቡ ገንዘብ ይቀላቀልበታል፣ በኋላ ንጹሕ ሆኖ እንኳ ማስረዳት ያቅተዋል። ፖስተራችሁን ገልብጦ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ የሚያሰራጭ ሌባም አይጠፋም። መከላከያው ይህ ነው፦ በቴሌብርም በባንክ መተግበሪያም ገንዘብ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር የሚመጣውን ስም በፖስተሩም በማይኩም ንገሩ፤ ‹ሌላ ስም ካያችሁ አትላኩ› በሉ። ቁጥሩን መሃል ላይ አትቀይሩ።

በጥሬው የሚገባው ገንዘብ በሁለት ቁልፍ በሚዘጋ ሳጥን ይግባ፤ ቁልፎቹ በሁለት ሰው እጅ ይደሩ። ትኬትና ደረሰኝ ተከታታይ ቁጥር ይኑራቸው፤ ስንት ጥራዝ ለማን እንደተሰጠ ይጻፍ፣ ያልተሸጠው ይመለስ። በዚያው ምሽት፣ ሰው ከመበተኑ በፊት፣ ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ ባለ 200ውን፣ ባለ 100ውን፣ 50ውን፣ 10ሩን፣ 5ቱን ለየብቻ ቆጥሮ ድምሩን በአንድ ወረቀት ጽፎ ሦስቱም ይፈርሙ። ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ለሌላ ሁለት ሰው ይላክ። ከቆጣሪዎቹ አንዷ እናትሽ ብትሆንስ? ዘፈኑን ላትሰማ ትችላለች፤ ገንዘቡን ቁጠሪልን ተብላ ስትጠራ ግን እንቢ የምትል አይመስለንም።

ሦስተኛው ቃል ኪዳን ነው። በካሜራ ፊት ገንዘብ ማስነገር ሰውን ያስዋሻል። አንዱ ነጋዴ 200,000 ሲል ጎረቤቱ 300,000 ይላል፣ ማታ የተባለው ጠዋት ስልክ አያነሳም፤ 20 ብር ይዛ የመጣችው ሴት ደግሞ አንገቷን ትደፋለች። ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ መጠን በማይክ አይነበብ፤ ቃል የሚገባ ሰው ስሙን፣ ስልኩን፣ መጠኑንና የሚከፍልበትን ቀን በቅጽ ይሙላ። ሁለተኛ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ተናገሩ፦ ቃል የተገባውና የገባው። ሰው ‹በላችሁት› የሚለው ብዙውን ጊዜ ኮሚቴው ቃል የተገባውን እንደተሰበሰበ አድርጎ ስላወጀ እንጂ የጠፋ ገንዘብ ኖሮ አይደለም። ቅጹን በሦስተኛው ቀን በስልክ ተከታተሉ፣ በሰባተኛው ቀን በአካል ሂዱ፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አታስጨንቁ።

ልብስና ዕቃ እንዳትቀበሉ እንመክራለን። ያገለገለ ልብስ መለየት፣ ማጠብ፣ ማሠርና መጫን ሰውና ገንዘብ ይበላል፣ ከልብሱ ዋጋ በላይ የመኪና ኪራይ የተከፈለበት ጊዜም ብዙ ነው። ገንዘቡ በቦታው ለሚሠራ ተቋም፣ ለምሳሌ ለቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ወይም በአደጋው ቦታ ሐዘንተኞቹ ራሳቸው ለሚያምኑት እድር፣ በባንክ ዝውውር ይሂድ። በእጅ ይዞ የሚሄድ ‹ልዑካን› አትላኩ፤ የልዑካኑ አበል ከዚያው ገንዘብ ላይ ነው የሚወጣው።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ብቻ። ክረምት ላይ ከሆነ ሰፊና ነፃ ነው ብላችሁ የደቻቱ አሸዋ ላይ መድረክ እንዳትተክሉ። ድሬ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ከከተማዋ በላይ ባለው ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ሌሊት ላይ ወንዙን ይዞት ይወርዳል። ለመብራቱም የመድረኩን መብራትና የድምፁን መሣሪያ ከአንድ መስመር አታስነሱ፤ አንዱ ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ ጄኔሬተሩንም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጭነት አስይዛችሁ አንድ ሰዓት አስነስታችሁ ፈትኑት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ዳኛው ‹አሁንም አይሆንም› ካሉ አትሟገቺ፤ ኮንሰርቱን ተዪውና የእድሩን መዝገብ ጠይቂያቸው። በመዝገቡ ቤት ለቤት፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ፣ አንድ ወጣትና አንድ የእድር አባል፣ ደረሰኝ ይዛችሁ ዙሩ። ወርሃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ብትጀምሩት አብዛኛው ሰው ቤቱ ይገኛል። በሠላሳኛው ቀን የገባውን፣ የተላከውንና የባንኩን የዝውውር ወረቀት በእድሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ ቃል ገብተው ያልከፈሉ ካሉ ስማቸው አይለጠፍ፣ መጠኑ ብቻ ‹ያልገባ› ተብሎ ይጻፍ።